ለብቸኛ የቧንቧ ኦርጋን ሶናታ በትዝታ፣ በአንቺሆዬና በባቲ፦ የቱ ላይ ነው የሚበላሸው?

በሬሳ_ዳር | ደብረ ብርሃን | #1

ሰላም ለሁላችሁ። ኦርጋን ስል ሠርግ ቤት የሚመታውን ኪቦርድ ማለቴ አይደለም፤ ነፋስ በቧንቧ የሚያልፍበትን ትልቁን መሣሪያ ነው። ለእሱ ብቻ የሚሆን ባለ ሦስት ክፍል ሶናታ ተጽፎ አልቋል፣ 14 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። አንደኛው ክፍል ትዝታ ማይነር፣ ሁለተኛው አንቺሆዬ፣ ሦስተኛው ባቲ ሜጀር ነው። መነሻ ድምፁ በሁሉም ዶ ነው። የምሞክረው በኮምፒዩተር፣ በግራንድኦርግ ፕሮግራም ነው።

ያልሆነው ይኸውላችሁ። ሁለተኛው ክፍል ላይ ሚክስቸር የሚባለው የቧንቧ ስብስብ ሲከፈት ቅኝቱ የተበላሸ ይመስላል፤ ኖታው ግን ትክክል ነው። የመጀመሪያው ክፍል ከታች በኩል ጭቃ ሆኗል። የክራር ድግምግሞሹ ደግሞ ተያይዞ አንድ ረጅም ድምፅ ይሆናል። ሶናታው አውሮፓ ላለ ኦርጋኒስት ቢላክ ሳይስቅ እንዲመታው ምን መስተካከል አለበት?

—

ጣርማበር | #2

ወንድሜ፣ ከሁለተኛው ክፍል ልጀምር፤ እዚያ ያለው ችግር የጆሮ ሳይሆን የሒሳብ ነው።

8 ጫማ (ቁጥሩ የረጅሙ ቧንቧ ርዝመት ነው) የተባለ ስቶፕ፣ ማለትም በአንድ ዘንግ የሚከፈት የቧንቧ ረድፍ፣ ቁልፉ ላይ የተጻፈውን ድምፅ ይሰጣል። 4 ጫማ አንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል፣ 16 ጫማ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ይላል። እነዚህ ቅኝት አይነኩም። ናዛርድ የሚባለው፣ 2 ከ2/3 ጫማ፣ ግን ዶ ስትነካ ሶል ነው የሚያሰማው። ቲርስ፣ 1 ከ3/5 ጫማ፣ ዶ ስትነካ ሚ ያሰማል። ሚክስቸር የኦክታቭና የአምስተኛ ድምፆች ጥቅል ስለሆነ በእያንዳንዱ ቁልፍ ላይ አምስተኛውን ይደርባል።

አሁን አንቺሆዬን ውሰድ፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። ዶ ስትነካ ሚክስቸሩ ሶል ያመጣል፤ ቅኝቱ ውስጥ ያለው ግን ሶል ፍላት ነው፣ በግማሽ ድምፅ ይላተማሉ። ሬ ፍላት ላ ፍላትን ያመጣል፤ ከላ ጋር ሌላ ግጭት። ላ ሚን ያመጣል፤ ይህም ከፋ ጋር። ፋ እና ሶል ፍላት ብቻ ናቸው የሚተርፉት። ከአምስቱ ሦስቱ ባዕድ ድምፅ እየጠሩ ቅኝቱ ሊጠራ አይችልም።

በተመሳሳይ መንገድ ትዝታ ማይነርን ብትፈትሽ ሬ ላን ይጠራል፣ ሚ ፍላት ደግሞ ሲ ፍላትን። ሦስቱ ግን ደህና ናቸው። ትዝታ ሜጀር ከሁሉ የተሻለ ነው፣ ከቅኝቱ የሚወጣው ሚ ላይ የሚመጣው ሲ ብቻ ነው። ባቲ ሜጀር ላይ ሶል ሬን፣ ሲ ደግሞ ፋ ሻርፕን ያመጣሉ። ሬው ብዙ አይጎዳም። ፋ ሻርፑ ግን በፋ እና በሶል መካከል ይሰነቀራልና፣ ሦስተኛው ክፍል ውስጥ ሲ ያለበት ረጅም ኮርድ (አብረው የሚያዙ ድምፆች) በሚክስቸር አታቁም። በፈጣን ሩጫ ላይ ግን ጆሮ ሳይዘው ያልፋል።

ስለዚህ ለአንቺሆዬ ፍሉት 8 እና ፍሉት 4 ብቻ። ድምፅ መጨመር ካስፈለገ ፕሪንሲፓል 8 ጨምርበት፣ ወደ ላይ አትውጣ። ኮርዱም ከሦስት ድምፅ አይብለጥ።

—

ጓሳ | መሐል ሜዳ | #3

ጋሽ ጣርማበር በኮርድ ላይ ያሉት ልክ ነው፣ እስማማለሁ። ግን በነጠላ ዜማ ላይ ናዛርድና ቲርስን መከልከል ይከብደኛል። ቀኝ እጅ ብቻውን በአንድ ማኑዋል (የእጅ ኪቦርድ) ላይ በኮርኔት፣ ማለትም ናዛርድና ቲርስ ባሉበት ቅንብር፣ ሲዘፍን ጆሮ ተጨማሪዎቹን ድምፆች እንደ ቀለም እንጂ እንደ ኖታ አይሰማቸውም። የሚጋጨው በአንድ ማኑዋል ላይ ሁለት ኖታ ሲያዝ ነው። አጃቢው በሌላ ማኑዋል ላይ በፍሉት 8 ብቻ ይሁን እንጂ፣ ለትዝታ ማይነር ዜማ ኮርኔት ያምርለታል። በተለይ ሚ ፍላት እና ላ ፍላት ላይ ቲርሱ ሶልን እና ዶን ነው የሚጠራው፣ ሁለቱም የቅኝቱ ናቸው።

ወደ ጭቃው ስመጣ፣ በሬሳ፣ ኖታውን ሳላየው መገመት ይቻላል፤ ለፒያኖ የታሰበ ነው። ፒያኖ ላይ ግራ እጅ ኦክታቭ የሚይዘው ባሱን ለማወፈር ነው። ኦርጋን ላይ ያንን ሥራ ስቶፑ ይሠራዋል። ፔዳል (በእግር የሚመታው ኪቦርድ) ላይ 16 ጫማ ተከፍቶ ግራ እጅም ከታች ኦክታቭ ሲይዝ፣ አንድ ኖታ በሦስትና በአራት ቦታ ይደገማል። ይህን አድርግ፦ የግራ እጅ ኦክታቮችን በሙሉ ሰርዝና ዝቅተኛውን ኖታ ለፔዳል ስጥ። ግራ እጅ ኮርድ ሲይዝ ከመካከለኛው ዶ አንድ ኦክታቭ በታች ካለው ዶ በላይ ይቆይ። የተረፈውን ክፍተት አትሙላው። ሦስት ድምፅ፣ ማለትም ቀኝ፣ ግራና ፔዳል እያንዳንዳቸው አንዳንድ መስመር ይዘው፣ ኦርጋን ላይ ሙሉ ሙዚቃ ነው። ባኽ ስድስቱን ትሪዮ ሶናታዎች የሠራው በዚሁ ነው።

የፒያኖ የእግር መርገጫም የለም። በተሰባበረ ኮርድ የተጻፈ አጃቢ ካለህ ጣት በተነሳ ቁጥር ድምፁ ይቆረጣል። ወይ በእጅ የሚያዝ አድርገህ ጻፈው፣ ወይ አውጣው።

—

በሬሳ_ዳር | #4

እናመሰግናለን ሁለታችሁንም። ኦክታቮቹን ማውጣት የመጀመሪያውን ክፍል ወዲያው አጠራው። ሌላ ጥያቄ ግን ወለደ፦ በአምስት ድምፅ ቅኝት ሶናታ ሲጻፍ ሁለተኛው ጭብጥ በምን ይለይ? የአውሮፓው ሶናታ በዶሚናንት (በመነሻው አምስተኛ ድምፅ) ነው የሚኖረው፣ እኛ ደግሞ ትዝታ ማይነር ውስጥ ሲ የለንም።

—

ጣርማበር | #5

ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መልሱም ፔዳሉ ላይ አለ።

ትዝታ ማይነር ከዶ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት። እነዚህኑ አምስት ድምፆች ከሶል ጀምረህ ቁጠራቸው፦ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት። አምባሰል ሆኑ። አንድም ኖታ አልተለወጠም፣ የተለወጠው ማረፊያው ነው። ክራር ላይ ይህን ልዩነት ለማስጨበጥ ዜማው ደጋግሞ ማረፊያው ላይ መውደቅ አለበት። ኦርጋን ላይ ግን ፔዳሉ ሶልን ይዞ 8 ሜዠር ቢቆም በቂ ነው፤ ድምፁ አይከስምምና እጆች የመጀመሪያውን ጭብጥ እየደገሙም ቢሆን ሰሚው አምባሰል ውስጥ መሆኑን ያውቃል። የኦርጋን ትልቁ ሀብት ይህ ነው፣ የማይደክም ድምፅ።

ባቲ ማይነርም እንዲሁ ነው። ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ፍላት ከሚ ፍላት ሲቆጠር ትዝታ ሜጀር ይሆናል።

ከማይነር ወደ ሜጀር ትዝታ ስትሻገር ሚ ፍላትን እና ላ ፍላትን አንድ ሜዠር ውስጥ አብረህ ቀይራቸው። ላን ብቻ አንስተህ ሚ ፍላትን ካቆየህ ከአራቱ ቅኝት አንዱም ያልሆነ ነገር ይወጣል፤ ፔዳል ሥር ሲያዝ ደግሞ ስሕተት ነው የሚመስለው። ፈልገኸው ከሆነ በአጭሩ እለፈው።

አርአያ ካስፈለገ የጀርመናዊውን አቀናባሪ የሂንደሚትን ሦስተኛ የኦርጋን ሶናታ ተመልከት፣ እ.ኤ.አ. በ1940 የተጻፈ ነው። ሦስቱም ክፍሎች በጥንታዊ የጀርመን ሕዝብ ዘፈኖች ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ዘፈኑ ዋናው መስመር ሆኖ በረጅም ኖታ ሲሄድ ሌሎቹ መስመሮች በራሳቸው መንገድ ይሽከረከሩበታል፤ ዘፈኑን በኮርድ ለማልበስ አይሞክርም። ለቅኝት ዜማ የሚያዋጣው ይኼ ዘዴ ነው።

—

አንኮበር_ጎረቤላ | #6

በሂንደሚት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በ1937ቱ ሁለት ሶናታዎች ላይ የስቶፕ ስም ዝርዝር አታገኙም፤ ፒያኖ፣ ሜዞ ፎርቴ፣ ፎርቴ እያለ በድምፅ መጠን ነው የጻፈው። ስዌል ሳጥን (ተከፍቶና ተዘግቶ ድምፅ የሚያጎላና የሚቀንስ) ያለው ኦርጋን ላይ የሚመታ ሰው ከዚያ አልፎ ቀለም መጨመር እንደሚችልም ፈቅዷል። በሬሳም እንዲሁ ቢያደርግ ይሻለዋል ባይ ነኝ። ሁለት ኦርጋን አንድ ዓይነት አይሠራም። «ኮርኔት 5 ረድፍ» ብለህ ጽፈህ እዚያ ቤት ከሌለ ኦርጋኒስቱ ምን ያድርግ?

—

ጓሳ | #7

በዚህ አልስማማም፣ ወንድሜ አንኮበር። ሂንደሚት የጻፈበት ሙዚቃ ላይ ናዛርድ ቢጨመር የሚፈርስ ቅኝት የለም። እዚህ ግን ጋሽ ጣርማበር እንዳሳዩት «ፎርቴ» ብቻ ብትል ኦርጋኒስቱ በልማዱ ሚክስቸር ይከፍታል፣ አንቺሆዬውም አለቀለት። ኦርጋን ላይ ፎርቴ ማለት ለብዙዎች ፕሪንሲፓል 8፣ 4፣ 2 እና ሚክስቸር ነው።

ሁለቱን አጣምረህ ጻፍ። የድምፅ መጠኑን በፊደል፣ ከሥሩ የጫማ ቁጥሩን፣ ክልከላውን ደግሞ በግልጽ፦ «ፍሉት 8 እና 4፣ አምስተኛና ሦስተኛ የሚያሰማ ስቶፕ አይጨመር»። የአንድን ኦርጋን ሠሪ ልዩ ስም አትጥራ፤ ፕሪንሲፓል፣ ፍሉት፣ ሸምበቆ ስቶፕ በቂ ናቸው።

ሌላው፣ ስቶፕ የሚቀየርበት ቦታ ላይ እጅ ነጻ ይሁን። በአሮጌ ሜካኒካል ኦርጋኖች ላይ በአንድ ቁልፍ ሙሉ ቅንብር የሚቀይር ማህደረ ትውስታ የለም፤ ዘንጉ በእጅ ነው የሚሳበው። አንዱን እጅ ቢያንስ ለአንድ ሰከንድ አስለቅቀው፣ በዚያ ክፍተት ውስጥም ከሁለት ስቶፕ በላይ አትለውጥ።

—

አንኮበር_ጎረቤላ | #8

ክልከላውን በግልጽ መጻፉ አሳምኖኛል፣ እቀበላለሁ። ስለ ስፋቱ ግን ማንም አላነሳም። ማኑዋሉ 61 ቁልፍ ሊኖረው ይችላል፤ ብዙዎቹ የጀርመን ኦርጋኖች 56 ላይ፣ ከላይኛው ሶል ላይ ይቆማሉ። ከዚያ አትለፍ። ፔዳሉ ወይ 30 ነው ወይ 32፤ በ30 ጻፍ፣ ማለትም ከታችኛው ዶ ከመካከለኛው ዶ በላይ እስካለው ፋ። ማኑዋል ሁለት ብቻ እንዳለ ቁጠር።

ባቲ ለእግር የሚመች ቅኝት ነው። ከዶ ወደ ሚ እና ከሶል ወደ ሲ ያለው ሰፊ ዝላይ በግራና በቀኝ ጫፈ እግር መፈራረቅ ይመታል። ሚ–ፋ እና ሲ–ዶ ደግሞ ጎረቤት ነጮች ስለሆኑ አንዱ እግር ጫፍና ተረከዙን ይጠቀማል። ችግር የሚመጣው ሁለቱም እግሮች ፔዳሉ አንድ ጫፍ ላይ ተጨናንቀው በፍጥነት እንዲፈራረቁ ሲጠየቁ ነው። ሰውነት ይዞርና እጅ ይስታል።

—

ጣርማበር | #9

የክራሩ ድግምግሞሽ ሳይመለስ ቀረ።

ክራር ስትመታ እያንዳንዱ ምት ይወለዳል፣ ይከስማል፤ ስለዚህ ሁለተኛው ምት ራሱን ችሎ ይሰማል። ኦርጋን ቁልፉ እስኪለቀቅ እኩል ይነፋል። ተከታታይ ዶ–ዶ–ዶ በሙሉ ዋጋው ከተጻፈ በመካከሉ የሚቀረው ዝምታ ጣት የሚነሳበት ቅጽበት ብቻ ነው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ማስተጋባት ደግሞ ያንኑም ይሞላዋል። ዝምታው ራሱ መጻፍ አለበት። ክሮቼቱ (ሙሉ ምቱ) በደቂቃ 72 ሲሆን አንዱ ኩዌቨር (ግማሽ ምት) 0.42 ሰከንድ ገደማ ነው። በደረቅ አዳራሽ ሩቡን ቆርጠህ እረፍት አድርገው። ድምፅ 4 ሰከንድ በሚቆይበት ትልቅ ሕንፃ ግማሹን ቁረጥ። በኖታ ላይ ኩዌቨሩን ሴሚኩዌቨርና የሴሚኩዌቨር እረፍት አድርገህ ጻፈው እንጂ የማሳጠሪያ ነጥብ (ስታካቶ) ብቻ አድርገህ አትተወው፤ ነጥብ ለእያንዳንዱ ኦርጋኒስት የተለያየ ነገር ነው።

የማሲንቆው መንሸራተት ይቅርብህ። ቧንቧ ድምፁን አያንሸራትትም። በምትኩ ከላይ ካለው የቅኝቱ ድምፅ የምትወርድ አጭር ቅድመ ኖታ አድርግ።

የበገና ነገር ካሰብክ ግን ኦርጋኑ በደንብ ይቀርበዋል። በገናው የሚያንጎራጉረው አውታሩ ድልድዩ ላይ ካለችው የቆዳ ቁራጭ ጋር እየተነካካ ስለሚንቀጠቀጥ ነው። ሸምበቆ ስቶፖችም ውስጣቸው የናስ ምላስ አለ፤ እየመታ ያንኑ ሻካራ ድምፅ ይሰጣል። ፔዳል ላይ 16 ጫማ ሸምበቆ ብቻውን፣ ዝግ ባለ ምት፣ በየመካከሉ ዝምታ ያለው። ያለ ሌላ ስቶፕ ሞክረውና ስማው።

—

ሸዋሮቢት_ቆላ | #10

ሰላም። ፔዳሉን በኪቦርድ የታችኛው ክፍል በእጅ የሚሞክር ሰው የማይመታ ነገር ይጽፋል። እንጨት ካለ ፔዳል መሥራት ይቻላል።

ለ30 ፔዳል 18 ነጭና 12 ጥቁር ያስፈልጋል። ከአንዱ ነጭ መሐል እስከ ቀጣዩ መሐል 6.4 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ጠቅላላ ስፋቱ ወደ 1 ሜትር ከ15። ባሕር ዛፍ በደብረ ብርሃን ሞልቷል፣ ግን እርጥቡን ከሰነጠቃችሁት ይጠማዘዝና ፔዳሎቹ እርስ በርስ ይፋተጋሉ። በደንብ የደረቀ ብቻ።

ከእያንዳንዱ ፔዳል ጫፍ ሥር ማግኔት፣ ከፊቱ ሪድ ስዊች (ማግኔት ሲቀርበው የሚዘጋ)። 30ውን ስዊች በ8 ረድፍና በ4 ዓምድ ማትሪክስ ስታስሩት 12 ፒን ይበቃል። በእያንዳንዱ ስዊች ላይ አንድ 1ኤን4148 ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) የግድ ነው። ያለ ዳዮድ ሦስት ፔዳል በአንድ ጊዜ ሲዘጋ ያልተረገጠ አራተኛ ኖታ ይጮኻል። ሁለት እግር ብቻ ነው ያለኝ የሚል ሰው በተረከዝና በጫፍ ሦስተኛውን ሲነካ ያገኘዋል። ስዊቾቹን የሚያነበው ትንሽ የኮምፒዩተር ቦርድ አርዱዪኖ ሊዮናርዶ ወይም ፕሮ ማይክሮ ይሁን፤ እነዚህ በዩኤስቢ በቀጥታ እንደ ሚዲ (የኖታ ትእዛዝ ለኮምፒዩተር የሚልክ) መሣሪያ ይታወቃሉ። ኡኖ እንዲሁ አይታወቅም። ስዊቹ ሲዘጋ ስለሚንቀጠቀጥ 5 ሚሊሰከንድ ጠብቆ እንዲያነብ ፕሮግራም አድርጉት።

የኖታውን ፋይል ወደ ግራንድኦርግ ስትልኩ ሦስቱ መስመሮች በሦስት የተለያዩ ሚዲ ቻናሎች መውጣታቸውን አረጋግጡ። በአንድ ቻናል ከወጡ ፔዳሉም ዜማውም አንድ ማኑዋል ላይ ይወድቃሉ። የኖታ ፕሮግራሙ እምቢ ካለ ቀኝ፣ ግራና ፔዳልን እንደ ሦስት መሣሪያ አድርጎ መክፈት ነው መፍትሔው።

ትንንሽ ስፒከር ላይ ደግሞ ባስ አትፍረዱ። የ16 ጫማ ታችኛው ዶ 33 ኸርዝ ገደማ ነው፤ የጠረጴዛ ስፒከር አያወጣውም። በጥሩ ሄድፎን ስሙት።

—

በሬሳ_ዳር | #11

ሁሉም እየተስተካከለ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ ነገር ብቻ፦ እውነተኛ ቧንቧዎች ደብረ ብርሃን ላይ፣ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ቢተከሉ፣ አየሩ በመሳሳቱ ቅኝታቸው ይዛባል የሚል ሰው አለ። እውነት ነው?

—

ጣርማበር | #12

ግማሹ። የቧንቧው ድምፅ ከፍታ የሚወሰነው በርዝመቱና ድምፅ በአየር ውስጥ በሚጓዝበት ፍጥነት ነው፤ ያ ፍጥነት ደግሞ ከሙቀት እንጂ ከአየር ግፊት ጋር አይሄድም። 8 ጫማው ክፍት ቧንቧ እዚህም 2.4 ሜትር ገደማ ነው፣ ባሕር ጠረፍም እንዲሁ። ቅኝቱን የሚያናጋው ብርዱ ነው። በአንድ ዲግሪ 3 ሴንት (አንድ ሴንት የግማሽ ድምፅ መቶኛ ነው) ገደማ ይንቀሳቀሳል። የጥር ማለዳ 8 ዲግሪ የነበረ አዳራሽ ከሰዓት 20 ቢደርስ ቧንቧዎቹ 36 ሴንት ገደማ ከፍ ይላሉ፤ የግማሽ ድምፅ ሲሶ አልፏል። ሸምበቆዎቹ ደግሞ በናስ ምላሳቸው ስለሚመሩ አብረዋቸው አይወጡም፤ ጠዋት አብረው የተቃኙ ከሰዓት ይጣላሉ። ስለዚህ የሚቃኝበትና የሚመታበት ሙቀት አንድ መሆን አለበት።

ከፍታው የሚነካው አነፋፉን ነው። እዚህ አየሩ ከባሕር ወለል ከሲሶ ትንሽ ባነሰ የሳሳ ስለሆነ፣ በአንድ ዓይነት የነፋስ ግፊት ከቧንቧው አፍ የሚወጣው ነፋስ በ18 ከመቶ ያህል ይፈጥናል። ቧንቧው በግድ ሲነፋ ወደ ላይኛው ኦክታቭ ለመዝለል ይዳዳዋል። ወናፉ ላይ ያለው ክብደት መቀነስ አለበት፤ ታች 80 ሚሊ ሜትር የውኃ ግፊት የነበረው እዚህ ወደ 58 ይወርዳል። የነፋስ ማመንጫው ሞተርም ለባሕር ጠረፍ 100 ሚሊ ሜትር ተብሎ የተጻፈለት እዚህ የሚሰጠው 72 ገደማ ነው፤ ሲገዛ ይህን አስቦ ነው።

—

ጓሳ | #13

በሬሳ፣ ሁለተኛውን ክፍል ካስተካከልክ በኋላ የመጀመሪያውን ገጽ እዚህ ለጥፈው። አንድ ነገር ግን ቀድመህ አረጋግጥ፦ ዶ እና ሶል ፍላት በፔዳል 16 ጫማ ላይና በግራ እጅ ታችኛው ክፍል አብረው ከተያዙ ያንገጫግጫሉ። ቢያንስ አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርገህ ያዛቸው፣ ፔዳሉን ፋ ላይ ተወው።

—

በሬሳ_ዳር | #14

ፔዳሉ ዶ ላይ ነበር። ወደ ፋ ዞሯል፣ ሶል ፍላቱም ወደ ቀኝ እጅ ወጥቷል፤ ፍሉት 8 ብቻ። ሬ ፍላቱ ላይ ሲደርስ አሁን አንቺሆዬው ይሰማል። ገጹን ነገ እለጥፈዋለሁ።